ገመዱ ምን በደለ? ሞልቶ ስለሚፈስ ኔትወርክ ካርድ

ለዚህ እትም ላቀርብላችሁ ያሰብኩት ሌላ ጽሑፍ ነበር። ከጎንደር በስተሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዤ ደባርቅ ሄጄ፣ ዕድሜያቸውን በሙሉ በስሜን ተራሮች በቅሎ ሲነዱ የኖሩ አንድ አባት አናግሬ፣ የአንድ ሰዓት ድምፅ ቀድቼ ተመልሻለሁ። ጽሑፉ ይደርሳል። እሳቸውም «ልጄ፣ ያልኩሽን እንዳታሳጥሪው፣ አደራ» ስላሉኝ ቸኩዬ አልጽፈውም። ዛሬ የማወራችሁ ያ ድምፅ ከእኔ ላፕቶፕ ወደ ዝግጅት ክፍላችን አሮጌ ኮምፒውተር ለመግባት ስላየው አበሳ፣ በዚያም ሰበብ ስለበደልነው አንድ ልጅ ነው።

ኮምፒውተሯን የምታውቋት ታውቋታላችሁ። ጥግ ላይ ያለችው፣ ስትነሣ እንደ ወፍጮ የምትጮኸው። ፔንቲየም 3 ናት፣ ሚሞሪዋ 256 ሜጋባይት፣ ዕድሜዋ ከእኔ ይበልጣል። ዊንዶውስ ኤክስፒ እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2014 ወዲህ የማይክሮሶፍት ድጋፍ ስለማያገኝ ሊኑክስ ተጭኖባታል። ከእኛ በፊት የነበሩ ተማሪዎች የቀዱት ድምፅ፣ የድሮ እትሞች፣ ፎቶዎች፣ ምን አለፋችሁ፣ ታሪካችን በሙሉ እሷ ሆድ ውስጥ ነው። የዩኤስቢ ቀዳዳዎቿ የመጀመሪያው ትውልድ ስለሆኑ በፍላሽ መገልበጥ ትዕግሥት ያስጨርሳል፤ ቢበዛ በሰከንድ 1 ሜጋባይት ቢሆን ነው። በዚህ ምክንያት ባለፈው ሴሚስተር ገንዘብ አዋጥተን አንድ ስዊችና ስድስት ገመድ አስገባን። ገመዱን የዘረጋልን ዕድሜው ከእኛ ብዙም የማይበልጥ፣ ሞባይል እየጠገነ የሚኖር ልጅ ነው። በ3,000 ብር ተስማማን፤ ግማሹን ቀድመን ከፈልነው፤ ግማሹ ሥራው ሲያልቅ ሊከፈል።

እንግዲህ ሒሳቡን አብረን እንሥራ። ሳይጨመቅ፣ በሲዲ ጥራትና በሁለት ቻናል የተቀዳ ድምፅ በደቂቃ 10 ሜጋባይት ተኩል ያህል ይይዛል። አንድ ሰዓቱ 635 ሜጋባይት አካባቢ ነው። በሰከንድ 100 ሜጋቢት የሚያስተላልፍ መስመር ደግሞ ነገር ከተቃና በሰከንድ 11 ሜጋባይት ያደርሳል። 635ን ለ11 ስታካፍሉት 58 ሰከንድ ይመጣል። የእኔ ፋይል የፈጀው 23 ደቂቃ ነው! ከፍላሹም የባሰ። መጀመሪያ ላይ እየበረረ ይሄዳል፣ ከዚያ ይቆማል፣ ትንሽ ይንፏቀቃል፣ ደግሞ ይቆማል።

ሁላችንም በአንድ ድምፅ «ገመዱ ነው» አልን። ልጁ ተጠራ። መጣ፣ ጫፎቹን ቆርጦ እንደገና አሰረ፣ በቴስተሩ አንድ በአንድ አየ፣ ኮምፒውተሯን አጥፍተን አበራን፣ ፋይሉ በፍጥነት ሄደ። «አያችሁ፣ ገመዱ ነበር» ተባባልን። በሦስተኛው ቀን ያው ሆነ። ደግሞ ጠራነው፤ ደግሞ መሰላል ላይ ወጣ፤ ደግሞ አጥፍተን አበራን፤ ደግሞ ሠራ፤ ደግሞ ተበላሸ። ሁለተኛው ጊዜ ላይ ወደ እኔ ዞሮ «እህቴ፣ ገመዱ ጤነኛ ነው፤ እኔ ሌላ የማደርገው የለኝም» ብሎ ዕቃውን ሰብስቦ ሄደ። የኮሚቴው ጸሐፊ እኔ ነኝ። «ሥራው የጥራት ጉድለት ያለበት ሆኖ ስለተገኘ ቀሪው ክፍያ እንዲያዝ» የሚለውን ቃለ ጉባኤ የጻፍኩትም እኔው ነኝ። ያውም «ሆኖ ስለተገኘ» ብዬ! ማን አገኘው? ምን አይቶ? አንድም ሰው አልጠየቀኝም፤ እኔም ራሴን አልጠየቅሁም።

አበው «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ይላሉ። እኛ እንኳ አህያውን ፈርተን አይደለም፤ ጭራሽ አላየነውም።

ጋሼ ምን አዩ?

በሌላ ክፍል የሚሠሩ፣ ጡረታ ሊወጡ ጥቂት የቀራቸው የጥገና ባለሙያ አሉ። ስማቸው እንዳይጻፍ ስላሉ ጋሼ ብዬ ልቀጥል። ለሌላ ጉዳይ መጥተው ስንጨቃጨቅ ሰሙን። «ገመዱ መሆኑን በምን አወቃችሁ?» አሉ።

«ቀርፋፋ ነው» አልናቸው።

«እሱማ የታመመ ሰው ያተኩሰዋል። ትኩሳት ብቻ አይቶ ወባ ነው ይባላል?» አሉና ወንበሯን ስበው ተቀመጡ። አንዲት አጭር ትእዛዝ ጻፉ። «አይኤፍኮንፊግ» ይሏታል፤ በአዳዲሶቹ ሊኑክሶች ላይ ቦታዋን «አይፒ» የምትባል ትእዛዝ ወስዳለች፣ እሷ እንዲያውም የበለጠ ትዘረዝራለች። ስክሪኑ ላይ የኔትወርክ ካርዱ የሥራ መዝገብ ወጣ። ካርዱ ለካ የሚገባውንም የሚወጣውንም፣ የጠፋውንም እየቆጠረ ይመዘግባል። ስንት ጊዜ እዚያ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጠን ሳንከፍተው ቀረን!

የተቀበለው ፓኬት 436 ሺህ ይላል። (ፓኬት ማለት ፋይሉ ተቆራርሶ የሚጓዝበት ጥቅል ነው፤ አንዱ ከ1,500 ባይት ብዙም አይበልጥም።) ከሥሩ የስሕተት ቁጥሮች በየዓይነታቸው ተደርድረዋል። ጋሼ ጣታቸውን «ፍሬም» በሚለው ላይ አሳረፉ፤ ዜሮ ነው። ከዚያ «ኦቨርራን» ወደሚለው ሄዱ፤ 9,214።

ነገሩ እንዲህ ነው። ገመድ ሲበላሽ፣ ጫፉ በደንብ ሳይታሰር ሲቀር ወይም ከኤሌክትሪክ መስመር ጋር ተጠጋግቶ ሲረበሽ፣ ጥቅሉ መንገድ ላይ ይቆስላል። ካርዱ ሲቀበለው ጫፉ ላይ ያለውን የማረጋገጫ ቁጥር ያሰላል፤ ካልገጠመለት «ሲአርሲ» ወይም «ፍሬም» በሚለው ሥር ይመዘግበዋል። «ድሮፕድ» የሚባል ሌላም አለ፤ እሱ ጥቅሉ በሰላም ኮምፒውተሩ ውስጥ ከገባ በኋላ ሶፍትዌሩ የጣለው ነው። «ኦቨርራን» ከሁለቱም ይለያል። ጥቅሉ አልቆሰለም። ገመዱን አቋርጦ፣ ሳይነካካ፣ ካርዱ ደጃፍ ደርሷል። ግን ማስቀመጫው ሞልቶ ጠበቀውና ፈሰሰ።

እንግዲህ ይታያችሁ፤ ዘጠኝ ሺህ ጊዜ ደጃፍ ላይ ፈስሷል፣ መንገድ ላይ የቆሰለ አንድም የለም። ገመዱን ከክስ ነፃ የሚያወጣ ምስክር እዚያው ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ነበር። የባሰው ደግሞ ይሄ መዝገብ ኮምፒውተሩ በጠፋ ቁጥር ከዜሮ ይጀምራል። እኛ ልጁ በመጣ ቁጥር አጥፍተን ስናበራ ማስረጃውን በገዛ እጃችን ስንደመስስ ከርመናል።

ለመሆኑ በፈር ምንድን ነው?

በፈር ማለት ማቆያ ነው። ጎንደር ላደገ ሰው ይሄን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ውሃ በፈረቃ ሲመጣ ቤታችን የሚሆነውን ማሰብ ነው። ጎማው የሚንጠባጠበው ጆግ ውስጥ ነው እንበል። ጆጉ እየሞላ ወደ ሳፋ ይገለበጣል። ከሳፋው ደግሞ አንድ ሰው እየቀዳ ጓዳ ያለው በርሜል ውስጥ ይጨምራል። ውሃው ማንንም አይጠብቅም። ቀጂዋ በር ተንኳኩቶ ብትወጣ፣ ወይም ወጥ ሊያርባት ሆኖ ብትሮጥ፣ ሳፋው ይሞላል፣ ጆጉ ይሞላል፣ ከዚያ ግቢው ጭቃ ይሆናል። ጎማው ምን አጠፋ?

በእኛ ኮምፒውተር ያለው ካርድ ሪልቴክ 8139 የሚባለው ነው፤ በዓለም ላይ በርካሽነቱ የታወቀ፣ በአሮጌ ኮምፒውተሮች ውስጥ የማይጠፋ። ጆጉ፣ ማለትም ካርዱ ላይ ያለው ማቆያ፣ 2 ኪሎባይት ብቻ ነው። በ100 ሜጋቢት ፍጥነት ይሄ የሚሞላው በ164 ማይክሮ ሰከንድ ነው፤ አንድ ሙሉ ጥቅል ይዞ ሁለተኛውን ሳይጨርስ ማለት ነው። ሳፋው በኮምፒውተሩ ሚሞሪ ውስጥ የተከለለ ቦታ ነው፤ በሊኑክስ የተለመደው መጠኑ 32 ኪሎባይት ነው። እሱም 2 ሚሊ ሰከንድ ተኩል ገደማ ይበቃል። ከሳፋው ወደ በርሜሉ የሚቀዳው ፕሮሰሰሩ ራሱ ነው፤ በዚህ ካርድ ላይ እያንዳንዱን ጥቅል እያነሣ ወደ ሌላ ቦታ መገልበጥ ግዴታው ነው። መስመሩ ሙሉ በሙሉ ሲሠራ በሰከንድ ከ8,000 በላይ ትልልቅ ጥቅሎች ይመጣሉ።

ፕሮሰሰሩ መምጣት እንዳለበት የሚያውቀው በደወል ነው። «ኢንተራፕት» ይባላል። ካርዱ ጥቅል ሲደርሰው ይደውላል፤ ፕሮሰሰሩ የያዘውን ትቶ ይመጣል። ግን ፕሮሰሰሩ አንዳንድ ሥራ ላይ ሳለ ጆሮውን ይደፍናል፤ ሌላ ደወል አይሰማም። ለአንድ ሺህኛ ሰከንድ ቢደፍን ችግር የለም፤ ሳፋው ይችላል። ለሦስት ሺህኛ ከደፈነ ግን አለቀ።

«እና ፋይሉ ለምን አልተበላሸም?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ጥያቄዬ ትክክል ነበር፤ ዘጠኝ ሺህ ጊዜ ፈስሶ የደባርቁ አባት ድምፅ አንድም ቦታ አልተቆረጠም፣ ሰምቼዋለሁ።

ይሄን ለመረዳት የረዳኝ አጎቴ ነው። አጎቴ የፕላዝማ ትውልድ ነው። በ1997 ዓ.ም. የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በሳተላይት፣ በፕላዝማ ቴሌቪዥን፣ በእንግሊዝኛ መሰጠት ሲጀምር እሱ ዘጠነኛ ክፍል ነበር። የፕላዝማው መምህር አይቆምም። «ገባችሁ?» ብሎ መልስ ሳይሰማ ይቀጥላል። ክፍል ውስጥ ያለው መምህር ሊያስቆመው አይችልም። «ደብተሬ ላይ ግማሹ ባዶ ነው» ይላል አጎቴ እስከ ዛሬ። ቀጥታ የሚተላለፍ ድምፅና ምስል በኔትወርክ ላይ ብዙ ጊዜ እንዲህ ይጓዛል፤ ያመለጠ አመለጠ። ፋይል ሲገለበጥ የሚሠራበት ቲሲፒ ግን ሌላ ዓይነት መምህር ነው። እያንዳንዷን ጥቅል ቁጥር ይሰጣታል፤ ተቀባዩ «ደርሶኛል» እስኪል ይጠብቃል፤ ካላለ ይደግማል። ዋናው ነገር ደግሞ፣ ተማሪው እንዳመለጠው ሲያውቅ የንግግሩን ፍጥነት ይቀንሳል።

ይሄ ፍጥነት መቀነስ ድሮ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1986 በካሊፎርኒያ፣ በሎውረንስ በርክሌይ ላቦራቶሪና በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ መካከል ባለው መስመር ላይ፣ ቦታዎቹ 400 ያርድ እንኳ በማይራራቁበት፣ ፍጥነቱ በሰከንድ ከ32 ሺህ ቢት ወደ 40 ቢት ወርዶ ነበር። ሁሉም የጠፋበትን እየደገመ ሲልክ መስመሩ በድጋሚ ብቻ ተጨናነቀ። ቫን ጃኮብሰን የተባለው ባለሙያ መላውን እ.ኤ.አ. በ1988 አሳተመ፤ ጥቅል ጠፋ ማለት መንገዱ ተጨናንቋል ማለት ነውና ላኪው ይቀንስ፣ ከዚያ ቀስ እያለ ይጨምር። ቲሲፒ እስከ ዛሬ በዚህ መንፈስ ይሠራል። ለእኛ ግን ይሄ መልካም ጠባይ ጣጣ ሆነብን። ላፕቶፔ በጠፋበት ቁጥር «መንገዱ ተዘጋግቷል» ብሎ ይቀንሳል። በተርታ የላካቸው ጥቅሎች በሙሉ ከፈሰሱበት ደግሞ «ደርሶኛል» የሚለው ስለማይኖር ሁለትና ሦስት መቶ ሚሊ ሰከንድ ዝም ብሎ ይጠብቃል። ለሰው ይሄ ምንም አይደለም፤ ለኔትወርክ ግን ዘመን ነው። ሺህ ጊዜ ሲደጋገም 23 ደቂቃው ከዚያ ይመጣል። ፋይሉ ጤነኛ፣ ሰዓቱ የሞተ።

አህያውን ፍለጋ

አሁን ጥያቄው ተለወጠ። ገመዱ ለምን ተበላሸ መሆኑ ቀርቶ ፕሮሰሰሩ በዚያን ሰዓት የት ሄዶ ነው ሆነ።

ጋሼ ያደረጉት ሙከራ እስካሁን ያስደንቀኛል፤ ቀላልነቱ ነው የሚያስደንቀው። ያንኑ ፋይል፣ በዚያው ገመድ፣ በዚያው ስዊች፣ ለዚያችው ካርድ እንድልክ አደረጉኝ። ልዩነቱ አንድ ብቻ ነው፤ ኮምፒውተሯ የምትቀበለውን ዲስክ ላይ እንዳትጽፈው፣ እንድትጥለው አዘዟት። ሊኑክስ ውስጥ «ዴቭ ነል» የሚባል መጨረሻ የሌለው ጉድጓድ አለ፤ የጣላችሁበት ሁሉ ይጠፋል። «ኔትካት» በሚባል ትንሽ ፕሮግራም ላክሁ። 1 ደቂቃ ከ5 ሰከንድ! ኦቨርራኑን አየነው፤ አንድ አልጨመረም። ገመዱም ካርዱም በሰከንድ ከ9 ሜጋባይት በላይ እያስገቡ ቀጥ ብለው ቆሙ። ዲስኩን ሲመልሱት ቁጥሩ መቁጠር ጀመረ።

ቀጥለው ኔትወርኩን ነቅለው፣ ዲስኩ ብቻ እንዲጽፍ አድርገው «ቶፕ» የምትባለዋን ትእዛዝ ከፈቱ። ይቺ ፕሮሰሰሩ በምን እንደተጠመደ የምታሳይ ናት። ከመቶው ዘጠናው በላይ ተይዟል። ዲስክ ላይ ለመጻፍ ብቻ! እዚህ ላይ ጋሼ «እህ» ብለው ዝም አሉ፤ ከዚያ ኮምፒውተሯ ከተነሣች ጀምሮ የሆነባትን ሁሉ የሚዘረዝረውን መልእክት ከፈቱ። መሀል ላይ ተገኘ። ስትነሣ ዲስኩ «ዩዲኤምኤ 66» በሚባል ስልት ነበር የሚሠራው። ጥቂት ቆይቶ የንባብ ስሕተት፣ ደግሞ ስሕተት፣ ከዚያ «ፍጥነት ይቀነስ»፣ ደግሞ «ፍጥነት ይቀነስ»፣ በመጨረሻ «ፒአይኦ 4»።

ዲኤምኤ ማለት ለዕቃው ጫኝ አለ ማለት ነው። ፕሮሰሰሩ «ይሄን ከዚህ አንሥተህ ዲስክ ላይ አራግፍ» ብሎ ያዛል፤ ወደ ሥራው ይመለሳል፤ ሲያልቅ ይደወልለታል። ፒአይኦ ላይ ጫኝ የለም። እያንዳንዷን ሁለት ባይት ፕሮሰሰሩ ራሱ በትከሻው ያመላልሳል፤ በዚያ ላይ ሲሸከም ጆሮውን ደፍኖ ነው። በወረቀት ላይ ፒአይኦ 4 በሰከንድ 16 ሜጋባይት ይደርሳል ይባላል፤ በእኛዋ ላይ የታየው ከ3 ሜጋባይት ብዙ አልዘለለም። ለጎንደር ሰው እንደገና ልመልሰው፤ ቀጂዋ በርሜሉን ራሷ ተሸክማ ማድ ቤት ልታደርስ ሄዳለች፣ ሳፋው ይፈሳል።

ሊኑክስ ይሄን ያደረገው በክፋት አይደለም። በዲስኩና በቦርዱ መካከል የሚሄደው መረጃ መቁሰሉን ሲያይ፣ ቀስ ብዬ ልሞክር ብሎ ነው። ዊንዶውስ ኤክስፒም ጠባዩ አንድ ነው፤ ስድስት እንዲህ ዓይነት ስሕተት ሲጠራቀም ወደ ፒአይኦ ያወርደዋል። ልዩነቱ፣ ሊኑክሳችን በተነሣ ቁጥር ፈጣኑን ስልት እንደገና ይሞክራል። አሁን ገባችሁ? ልጁ ገመዱን አስሮ፣ እኛ አጥፍተን ስናበራ፣ ኮምፒውተሯ ወደ ፈጣኑ ትመለሳለች፤ ፋይሉ ይበራል፤ ስሕተቱ ተጠራቅሞ እስኪያወርዳት ድረስ። እኛ ግን «ገመዱ ሲታሰር ይሻለዋል፣ ሲላላ ይመለሳል» የሚል ድምዳሜ ይዘናል። በዓይናችን ያየነው ነገር ነው ያሳሳተን። ለጋዜጠኝነት ተማሪ ይሄ ደስ የሚል ነገር አይደለም።

ክዳኗ ተከፈተ። አቧራውን ተዉት። ዲስኩን ከቦርዱ የሚያገናኘው ጠፍጣፋ ገመድ፣ እንደ ጥብጣብ ያለው፣ አንዱ ጠርዝ ላይ ታጥፎ ተላልጧል። ጋሼ በጣታቸው ነካ ነካ አድርገው ሳቁ። «ገመድ ነው ስትሉ ልክ ነበራችሁ፣ ልጄ። ብቻ ገመዱ ያ አልነበረም» አሉኝ።

ጥፋተኛው ገመድ ሳጥኑ ውስጥ ነበር ማለት ነው፤ ልጁ ነክቶት የማያውቀው፣ እኛም አይተነው የማናውቀው።

መፍትሔው አንድ ሣንቲም አላስወጣም። ከሞተ ሌላ ኮምፒውተር ውስጥ ተመሳሳይ ተነቀለ። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ እነዚህ ጠፍጣፋ ገመዶች ሁለት ዓይነት ናቸው፣ ባለ 40 እና ባለ 80 ሽቦ። መሰኪያቸው አንድ ስለሆነ ይሳሳታል። በባለ 80ው ላይ የተጨመሩት 40 ሽቦዎች መረጃ አይሸከሙም፤ በመረጃ ሽቦዎቹ መካከል ገብተው አንዱ የሌላውን እንዳይረብሽ ይከላከላሉ። በሰከንድ ከ33 ሜጋባይት በላይ ለሆነው ስልት ባለ 80ው ግድ ነው። ሽቦዎቹ ቀጠን ቀጠን ካሉ ባለ 80 ነው።

ከተለወጠ በኋላ የደባርቁ ድምፅ በ1 ደቂቃ ከ14 ሰከንድ ገባ። ኦቨርራኑ 3 ብቻ ነበር።

የእናንተስ ኮምፒውተር?

እውነቱን ለመናገር ሁሉም ኦቨርራን በዲስክ ገመድ አይመጣም። የእኛዋም ብትሆን ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ትልልቅ ፋይል ሲጭንባት ቁጥሩ ዛሬም ጥቂት ጥቂት ይጨምራል፤ ፔንቲየም 3 ናትና አልፈርድባትም።

ሌላ ቦታ ያጋጠማችሁ እንደሆነ መጀመሪያ ቁጥሩን አንድ ጊዜ ጻፉት፣ ፋይል ላኩ፣ ደግሞ ጻፉት። ጠቅላላውን ሳይሆን የጨመረውን ነው የምታዩት፤ የድሮ ሺህ ስሕተት ስለ ዛሬ አይናገርም። የሚጨምረው ሲአርሲና ፍሬም ከሆነ ገመዱን ጠርጥሩ፣ ያኔ መብታችሁ ነው። ኦቨርራን ከሆነ ዲስኩን ለይታችሁ ሞክሩ፤ ዲስክ በሌለበትም ከቀጠለ ሌላ ነገር አለ። በአሮጌ ኮምፒውተሮች አንዱ የተለመደ ምክንያት ኔትወርክ ካርዱ፣ ሳውንድ ካርዱና ዩኤስቢው አንድ ደወል መጋራታቸው ነው፤ ደወሉ ሲጮኽ የማን እንደሆነ እየዞሩ መጠየቅ ጊዜ ይወስዳል። ካርዱን ከነበረበት ቀዳዳ ነቅሎ ሌላ ቀዳዳ ላይ መሰካት አንዳንዴ ይበቃዋል። በዊንዶውስ ላይ የሚገባውን ፋይል ሁሉ የሚፈትሽ ፀረ ቫይረስም ፕሮሰሰሩን ሊያስር ይችላል።

«ማቆያውን ማስፋትስ?» ትሉ ይሆናል። እኔም ጠይቄያለሁ። በእኛ ሪልቴክ ላይ በትእዛዝ የሚሰፋ ነገር የለም። አንዳንድ የኢንቴል ካርዶች ላይ ግን አለ፤ ለምሳሌ በሊኑክስ ሲነሡ 256 ቦታ የሚይዙ፣ እስከ 4,096 የሚሰፉ አሉ። ጥሩ ነው፣ ግን ሳፋ ማስፋት የሚረዳው ቀጂዋ ለአፍታ ብቅ ብላ የምትመለስ ከሆነ ነው። ጭራሽ ውሃው ከሚመጣበት ፍጥነት በታች የምትቀዳ ከሆነ ትልቁ ሳፋም ይሞላል፤ ትንሽ ዘግይቶ ነው እንጂ። በእኛ ሁኔታ፣ 11 ሜጋባይት እየገባ 3 ብቻ እየወጣ፣ ምን ዓይነት ሳፋ ሊበቃ ነበር? ሌላው መላ መስመሩን ወደ 10 ሜጋቢት ዝቅ ማድረግ ነው። መፍሰሱ ይቆማል፣ ፋይሉም በ9 ወይም 10 ደቂቃ ይደርሳል፤ የሚያስቀው ይሄ ከ23 ደቂቃው የተሻለ መሆኑ ነው።

ለማንኛውም ቃለ ጉባኤውን አስተካክዬ ጽፌዋለሁ። የድሮውን ቀድጄ መጣል አማረኝ፤ ኮሚቴው ግን ሁለቱም ፋይል ውስጥ ይቀመጡ ስላለ እዚያው አሉ፣ በእኔ እጅ ጽሕፈት፣ አንዱ በሌላው ላይ። ቀሪውን 1,500 ብር ይዤ ልጁ ሱቅ ሄድኩ። ይቅርታ ስጠይቀው ከያዘው ስልክ ላይ ዓይኑን አላነሣም፤ «ችግር የለም፣ የለመድኩት ነው» አለኝ። ለሁለቱ ምልልስ የሚሆን ጨምረን ሰጥተነው ነበር፤ የተስማማነውን ቆጥሮ ትርፉን መለሰልኝ። ልወጣ ስል ግን «ቆይ እስቲ፣ ያ ቁጥር የሚታየው በምንድን ነው አልሽኝ?» አለ። ትእዛዙን ነገርኩት፤ ስልኩ ላይ ጻፈው። ሲአርሲ ማለት ገመድ፣ ኦቨርራን ማለት ገመድ አይደለም፤ ከሥሩ ይሄንንም ጨመረ። ከዚያ ቀና ብሎ «ካሁን በኋላ ገንዘብ ሳይሰጡኝ በፊት ይሄን ነው የማሳያቸው» አለኝ።